ዘይት የጠጣ የጋራዥ ወለል፦ ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ወለሉን ጠይቁት

ሐምሌ ላይ ነው። ጅማ እንደ ልማዷ ሦስት ቀን ሙሉ ሳታባራ ዘንባ በአራተኛው ቀን ፀሐይ ብልጭ ስትል መኪናዬን ከጋራዥ አወጣሁ። ጎማዎቹ የቆሙበት ቦታ ላይ ቀለም የለም። አራት የጎማ ቅርፅ፣ ጥርሱ ሳይቀር፣ ከወለሉ ተነስቶ ጎማው ላይ ተለጥፎ ወጥቷል። ከዚያ ራቅ ብሎ ደግሞ ሳንቲም ሳንቲም የሚያካክሉ ጉብጉቦች ተነፍተዋል። አንዱን በምስማር ወጋሁት። ውሃ ወጣ። ቀለሙን በጥፍሬ ሳነሳው እንደ እንቁላል ቅርፊት ብድግ አለ። ጀርባው ያሟልጫል፣ ስሩ ላይ ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት አለ።

የሸጠልኝ ሰው "ይሄ ብረት በለው፣ የልጅ ልጅህ ይነዳበታል" ብሎኝ ነበር። አምስት ወር አልሞላውም። ሰውየው ላይ አልፈርድም። ወለሉ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ቀለም የገዛሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ የራሴን ደግሜ ሠራሁ፣ የወንድሜንና የአንድ ጎረቤታችንንም አብሬ ሠራሁ። ሦስቱም ወለል የተለያየ ነገር ነው የፈለገው። ስለዚህ "የትኛው ቀለም ይሻላል?" ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ወለላችሁ ከላዩ ምን ጠጥቷል፣ ከስሩስ ምን ይጠጣል?

ወደ ገደለው ልግባ።

መጀመሪያ ፈተና

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ወለሉን ፈትሹ። ሁሉም ቤት ባለ ዕቃ የሚሠራ ነው።

አንደኛው የውሃ ጠብታ ነው። ወለሉን ጥረጉና በማንኪያ ውሃ ጠብ አድርጉበት። አንድ ቦታ ብቻ እንዳይሆን፤ ንጹህ የሚመስለው ጋ፣ ዘይት የጠቆረበት ጋ፣ በሩ ጋም ሞክሩ። በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ጠጥቶት ቦታው ከጠቆረ ሲሚንቶው ክፍት ነው፣ የምትቀቡትን ይይዛል። ውሃው እንደ ጤዛ ተሰብስቦ ከቆመ ግን ወይ ዘይት አለ፣ ወይ ከዚህ በፊት የሆነ ነገር ተቀብቷል፣ ወይ ደግሞ ሊሾው ተወልውሎ ተወልውሎ መስታወት ሆኗል። የኛ አገር ሊሾ ግንበኛው ላዩ ላይ ደረቅ ሲሚንቶ እየነሰነሰ ስለሚያሸው ለእግር ያምራል፣ ለቀለም ግን ያዳልጣል።

ሁለተኛው የላስቲክ ፈተና ነው፣ ጅማ ውስጥ ዋናውም እሱ ነው። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ያልተቀደደ ላስቲክ ወለሉ ላይ አንጥፉና አራቱንም ጎን በሰፊ ፕላስተር አየር እንዳያስገባ አድርጋችሁ ለጥፉት። አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይቆይ። ስታነሱት ላስቲኩ ከውስጥ ካላበ ወይም ስሩ ያለው ሲሚንቶ ከዙሪያው ከጠቆረ፣ ውሃ ከመሬት እየወጣ ነው ማለት ነው። ሁለት ሦስት ቦታ ላይ አድርጉት።

ታዲያ ይሄን ፈተና መቼ ነው የምታደርጉት? እኔ የመጀመሪያውን ቀለም የቀባሁት የካቲት ላይ ነው፤ ወለሉ እንደ ቆሎ ደርቆ ነበር። በጋ ላይ ብቻ ከፈተናችሁት ወለሉ ይዋሻችኋል። የጅማ ዝናብ ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት አይለቅም፣ ቀዩ አፈራችን ደግሞ ውሃ ይዞ የሚቆይ ነው። ብዙ የድሮ ቤት ወለል ከስሩ ድንጋይ ተነጥፎ በላዩ ኮንክሪት የፈሰሰበት ነው፤ መሃል ላይ ላስቲክ ያስነጠፈ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። ስለዚህ ፈተናው ክረምት ላይ፣ ቅቡ በጋ ላይ። ክረምቱ ካለፈባችሁ ደግሞ ወለሉ ጥግ ጥጉ ላይ ነጭ ዱቄት እንዳለ እዩ። ያ ዱቄት ውሃው ከውስጥ ይዞት የወጣ ጨው ነው፣ ውሃው ከደረቀም በኋላ ይቀራል።

ሦስተኛው ምስማር ነው። ወለሉን ጫር አድርጉት። ነጭ ጭረት ብቻ ከሆነ ደህና ነው። እንደ ጤፍ ዱቄት ከተፈረፈረ የላይኛው ቆዳ ደካማ ነውና የትኛውም ቀለም ያንን ዱቄት ይዞ ይነሳል።

ከዚህ በፊት የተቀባ ወለል ከሆነ ደግሞ የተላጠውን ቁራጭ አንሱና ጀርባውን አንብቡት። ግራጫ የሲሚንቶ ዱቄት ይዞ ከተነሳ ወለሉ ደካማ ነበር። ጀርባው ንጹህ ሆኖ ቅባት ቅባት ካለ ዘይቱ አልወጣም ነበር። እርጥብ ከሆነ፣ ነጭ ጨው ካለው፣ ወይ እንደኔው ካሟለጨ ችግሩ ከታች የሚመጣ ውሃ ነው። ይሄ ቁራጭ ከማንም ሻጭ የበለጠ ይነግራችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። እርጥበት አገኛችሁ ማለት ሁሌ ከመሬት ነው ማለት አይደለም። ወጥታችሁ አሸንዳውን እዩ። የኛ ጎረቤት የላስቲክ ፈተናውን ሦስቴ ወደቀ፤ ለካ የጣሪያው አሸንዳ ተበስቶ ውሃው የሚወርደው በቀጥታ ጋራዡ ግድግዳ ስር ነው። አሸንዳውን አስበየደ፣ ከግድግዳው ስር ትንሽ ቦይ አስቆፈረ፣ በሚቀጥለው ክረምት የወለሉ እርጥበት በጣም ቀነሰ። አንድም ብር ለቀለም ሳያወጣ ግማሹን ሥራ ጨረሰ።

እድፉን ማውጣት

የሞተር ዘይት እድፍ ላይ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ቤንዚን ወይም ነጭ ጋዝ ማፍሰስ ነው። አታድርጉት። ቤንዚን ዘይቱን ያቀጥነውና ወደ ታች ይዞት ይገባል፤ ላዩ የነጣ ይመስላል፣ ከወር በኋላ ተመልሶ ይወጣል። እሳቱ ሳይረሳ ነው ይሄ ሁሉ።

ትኩስ ከሆነ ሰጋቱራ አፍስሱበትና በእግራችሁ አሹት፣ ይጠጣዋል። የቆየ ከሆነ ሰጋቱራው ብቻውን አይበቃም። ሙቅ ውሃ፣ ብዙ ኦሞ፣ ጠንካራ ብሩሽ። ኦሞውን ደረቁን ነስንሱበት፣ ትንሽ ሙቅ ውሃ ጨምራችሁ እንደ ገንፎ አድርጉት፣ ግማሽ ሰዓት ተዉት፣ ከዚያ ፈትጉት። እጠቡት። የውሃውን ጠብታ እንደገና ሞክሩ። እኔ አንዱ እድፍ ላይ ስድስት ጊዜ ነው ያደረግኩት። ባጃጅ ለሁለት ዓመት የቆመበት ቦታ ነበር፣ መቼም ባጃጅና ዘይት ታውቃላችሁ።

ከስድስተኛው በኋላም ውሃው አልገባ ያለበት አንድ ሰሃን የምታህል ቦታ ቀረች። እዚያ ላይ ጊዜ አላጠፋሁም። በመሮና በመዶሻ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አስወጥቼ፣ ጠርዙን በውሃ አርጥቤ፣ በአሸዋና በሲሚንቶ ሞላሁት። ዘይት የጠጣ ሲሚንቶን ለማዳን ከመታገል ቆርጦ መጣል ይቀላል። ግን እወቁት፤ አዲስ ሲሚንቶ ኤፖክሲ (በኋላ የምመጣበት ጠንካራው የወለል ቅብ) ሊቀባበት የሚችለው ከ28 ቀን በኋላ ነው። መጠገኛውን አስቀድሙ።

ዝገት ሌላ ነገር ነው። የዛገ በርሜል ወይም ቆርቆሮ የቆመበት ቦታ ላይ የሚቀረው ቀይ እድፍ በሳሙና አይለቅም፤ ለስላሳ አሲድ ነው የሚፈልገው፣ ሎሚም ይሠራል። ሎሚውን ጨምቃችሁ ሩብ ሰዓት ተዉት፣ ፈትጉት፣ እጠቡት። ቀለም የምትቀቡ ከሆነ ደግሞ ዝገቱ ትንሽ ቢቀር ችግር የለውም፤ ዝገት ቀለም አያስለቅቅም፣ ዘይት ነው የሚያስለቅቀው። የቀይ ጭቃውም እንደዚያው ነው። ሲያዩት ያስጠላል እንጂ በደንብ ከታጠበ ጉዳት የለውም። የባትሪ አሲድ የፈሰሰበት ግን ሲሚንቶውን ራሱን በልቶታልና የተፈረፈረውን እስከ ጠንካራው ድረስ ማውጣት ግድ ነው።

አሁን ምርጫው

ሱቅ ስትገቡ መደርደሪያው ላይ ብዙ ቆርቆሮ አለ። ሁሉም ላይ "ለወለል" ተብሎ ተጽፏል። ከማይሆነው ልጀምር።

የዘይት ቀለም፣ ሲንተቲክ የምንለው፣ በሩ ላይና ብረቱ ላይ ጀግና ነው። ሲሚንቶ ወለል ላይ ግን ሟች ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሲሚንቶ አልካላይን ነው፣ ልክ እንደ ኮስቲክ ሶዳ ጸባይ አለው። ዘይትና ኮስቲክ ሶዳ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ሳሙና የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከስር እርጥበት ሲመጣ ያ አልካሊ ይነሳና የቀለሙን ዘይት ሳሙና ያደርገዋል። ያቺ ያሟለጨችኝ የቀለም ጀርባ ሳሙና ነበረች። ብሬን በሳሙና አጠብኩት ማለት ነው።

የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለምም እንደዚያው ተዉት። ሳሙና አይሆንም፣ ግን የመኪና ጎማ አይችልም።

ቀጥሎ "ኤፖክሲ ቀለም" ተብሎ በአንድ ቆርቆሮ ብቻ የሚሸጠው አለ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። እውነተኛው ኤፖክሲ ሁልጊዜ ሁለት ነው፤ ሬዚኑ ለብቻ፣ ማጠንከሪያው ለብቻ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ እርስ በርስ ተያይዘው ነው የሚጠነክሩት እንጂ ቀለሙ እየደረቀ አይደለም። አንድ ቆርቆሮ ከሆነ ትንሽ ኤፖክሲ ጠብ የተደረገበት ተራ ቀለም ነው። ለዕቃ ቤት ይሆናል። መኪና ለሚያድርበት ግን፣ በተለይ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ ጎማው ሳይበርድ ለምትገቡበት ቤት፣ አይሆንም። የጋለ ጎማ ቀለሙን ያለሰልሰዋል፣ ሲበርድ ይጨብጠዋል፣ ጠዋት ስታወጡት ይዞት ይሄዳል። በኔው የዘይት ቀለምም ላይ የደረሰው ይኼው ነው፣ ከሳሙናው ጋር ተደምሮ።

ባለ ሁለቱ ኤፖክሲም አንድ ዓይነት አይደለም። በውሃ የሚቀጥን አለ፣ በቲነር የሚቀጥን አለ፣ ምንም የሚተን ነገር የሌለበት ሙሉ ኤፖክሲም አለ። የመጀመሪያው ቀጭን ነው፣ ውሃው ሲተን የሚቀረው ከቀባችሁት ግማሽ ገደማ ነው፤ ግን ሽታው ቀላል ነው፣ ትንሽ እርጥበትም ይችላል። ሦስተኛው የቀባችሁት ሁሉ ወለሉ ላይ ይቀራል፣ ወፍራም ነው፣ ትናንሽ ጭረቶችን ይሞላል፣ ዕድሜውም ይረዝማል፤ ግን ቶሎ ይጠነክራል፣ ስህተት አይምርም፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። መሃለኛው ሽታው ከባድ ነው፣ ዝግ ጋራዥ ውስጥ ራስ ያዞራል፣ ጭሱም እሳት ይይዛል። እኔ አልመርጠውም።

ሒሳቡን እንዲህ አድርጉት። 3 በ6 ሜትር የሆነ ጋራዥ 18 ካሬ ነው። ሙሉውን ኤፖክሲ በሩብ ሚሊ ሜትር ውፍረት ብትቀቡት ለአንድ ዙር 4 ሊትር ተኩል ይፈልጋል፣ ለሁለት ዙር 9 ሊትር። ሻጩ "አንድ ጋሎን ይበቃሃል" ካላችሁ በስንት ውፍረት ብላችሁ ጠይቁት።

የኤፖክሲ ሁለት ድክመቶች። አንደኛው ፀሐይ ነው፤ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ይቢጫል። የጋራዡ በር ቀን ሙሉ ተከፍቶ የሚውል ከሆነ የመጨረሻውን ዙር ፖሊዩሬቴን በሚባለው ሌላ ቅብ አድርጉት። ፀሐይም ጭረትም ከኤፖክሲ ይሻላል፤ ግን ብቻውን ሲሚንቶ ላይ ሳይሆን ከኤፖክሲው በላይ ነው የሚቀባው። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ተራው ኤፖክሲ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል። ወንድሜ ቤት ጋራዡ አምሮ አልቆ፣ ለምረቃው ባለቤቱ ቡና ልታፈላ የከሰል ማንደጃውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። የማንደጃው እግር ሦስት ጉድጓድ ሠርቶ ቀረ። "ይኼ ነው እንግዲህ ብረት ያላችሁት?" አለች። እስከ ዛሬ ረከቦቱ እዚያ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ጉድጓዶቹን ለመሸፈን።

ፖሊአስፓርቲክ የሚባልም አለ። በአንድ ቀን ያልቃል፣ አይቢጫም። ከቀባችሁት በኋላ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚይዝ ለለመደ እጅ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትቀቡ ከሆነ አትንኩት።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለደረቀ ወለል ነው። የላስቲኩን ፈተና ለወደቀ ወለልስ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው "ወፍራሙን ከቀባሁት ውሃውን ያፍነዋል" ይላል። እኔም ብዬ ነበር። ውሃው አይታፈንም፣ ይገፋል። የምትቀቡት ነገር አየር የማያሳልፍ በሆነ ቁጥር ጉብጉቡ ይበዛል። የሚያልብ ወለል የሚፈልገው የሚያስተነፍሰውን ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሲሚንቶው ውስጥ ሰርጎ የሚገባ የሲሊኬት ማጠንከሪያ ነው። እንደ ውሃ ይረጫል፣ ሲሚንቶው ውስጥ ካለው ኖራ ጋር ተያይዞ ይጠነክራል፣ ላዩ ላይ ምንም ንብርብር ስለሌለ የሚላጥ ነገር የለም። አያብረቀርቅም፣ እድፍ አይደብቅም፣ የባትሪ አሲድም አይከለክልም። ግን ዱቄት መፈርፈሩን ያቆመዋል፣ ዘይትም ቶሎ እንዳይሰርግ ያዘገየዋል። እድፉ ይታየኛል የሚል ሰው ካለ፣ ጋራዥ ነው እኮ፣ ሳሎን አይደለም።

ሌላው ሲሚንቶ ነክ የሆነው ነው፤ እንደገና ሊሾ ማስደረግ፣ ቴራዞ፣ ወይም ሴራሚክ። እርጥበት አይገፋቸውም። ሴራሚክ ከመረጣችሁ ለወለል የሆነውን፣ የማያብረቀርቀውን ውሰዱ፤ ሠራተኛው ደግሞ ከስሩ ሙሉ በሙሉ ሙጫ እንዲሞላ ላዩ ላይ ቁሙበት። ስሩ ባዶ የሆነ ሴራሚክ ላይ ክሪክ ያቆማችሁ ቀን ጠዋ ይላል። ዘይት የጠጣ ወለል ላይ ሙጫውም አይዝም፤ መጀመሪያ በመሮ ይፈነቀል።

በመሃል ያለ ወለል፣ ማለትም ክረምት ላይ ትንሽ የሚያልብ ግን ጨው የማያወጣ ከሆነ፣ ባለ ሁለቱን በውሃ የሚቀጥነውን ኤፖክሲ በቀጭኑ ሁለት ዙር ሞክሩ። የጎረቤታችንን አሸንዳው ከተሠራ በኋላ እንደዚያ ነው ያደረግነው፣ ሦስት ክረምት አልፎበታል። የወንድሜ ደረቅ ስለሆነ ሙሉው ኤፖክሲ ነው። የኔስ? የኔ ከተዳፋት ስር ስለሆነ ያልባል። ቀለሙን ሙልጭ አድርጌ አስፍቄ ሲሊኬት ብቻ አድርጌዋለሁ። አያምርም። አይላጥም።

ቡና የምታሰጡ ከሆነ

ይቺን ሌላ አገር የሚኖር ሰው አይጽፋትም። ከኅዳር ጀምሮ ስንቱ ሰው ነው ጋራዡን አጽድቶ ሌሊት ቡና የሚያስገባበት። የቡና ፍሬ ሽታ ይስባል፤ ከቲነርና ከአዲስ ኤፖክሲ ጋር አንድ ቤት ካደረ ሽታውን ይዞ ነው የሚወጣው። ለቀለሙ የሚመቸው ወር ደግሞ ቡናው ከሚደርቅበት ወር ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ቡናችሁን አስረክባችሁ፣ ጥር አጋማሽ ላይ ጀምሩና ዝናቡ ሳይጀምር ጨርሱ።

ወለሉን ማሻከር

ለኤፖክሲ የሚሆን ወለል ሲዳሰስ እንደ ብርጭቆ ወረቀት መሻከር አለበት። የሚሻለው ማሽን ነው። ግራይንደር ላይ የሚገጠም የአልማዝ ዲስክ የሊሾውን መስታወት ያነሳዋል፣ አሮጌ ቀለምም ያነሳል። አቧራው ግን ሳንባ ይጎዳልና ጥሩ ማስክ አድርጉ፣ ቤቱን ክፈቱ። 18 ካሬ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ወገብ ይቆርጣል።

ማሽን ካልተገኘ አሲድ አለ። ሃይድሮክሎሪክ የሚባለው ነው፣ የባትሪው አይደለም። የባትሪ አሲድ ከሲሚንቶ ጋር ጅብሰም ይሠራል፣ ጅብሰሙ ደግሞ ቀለሙ ስር ይቀራል። አንድ እጅ አሲድ ለአራት እጅ ውሃ ነው፤ መጀመሪያ ውሃው በፕላስቲክ ባልዲ፣ ከዚያ አሲዱ ቀስ እያለ ወደ ውሃው። ተገላቢጦሽ እንዳይሆን፣ ፊታችሁ ላይ ይፈነጥቃል። ጓንት፣ መነጽር፣ ቦት ጫማ። በረኪና አጠገቡ እንዳይደርስ፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

ወለሉን በውሃ አርጥባችሁ ስትረጩት አረፋ ያወጣል፣ ይፍለቀለቃል። አረፋ ያላወጣበት ቦታ ካለ እዚያ ዘይት አለ፤ ወደ ኦሞው ተመለሱ። አረፋው ሲያቆም ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጣችሁ አፍስሱበት፣ ከዚያ ቢያንስ ሦስት ጊዜ በብዙ ውሃ እጠቡት። ሶዳውን ሳታደርጉ ውሃውን ወደ ቦዩ አትልቀቁት፤ ቦዩ አወይቱ ወንዝ ነው የሚገባው፣ ካልገባም የሰው ጎመን ውስጥ። ከዚያ በጋ ከሆነ ሦስት አራት ቀን ይድረቅ።

መቀባት

ጠዋት አትቀቡ። ፀሐይዋ ወለሉን ስታሞቀው ሲሚንቶው ውስጥ ያለው አየር ይነፋና ቀለሙ ላይ ነጠብጣብ ጉድጓድ ይሠራል። ሙቀቱ መውረድ ሲጀምር፣ ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ ጀምሩ። በጣም አታምሹም፤ በጋ ላይ የጅማ ሌሊት ይበርዳል፣ ኤፖክሲ ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይጠነክርም። በሩን ዝጉት፣ ጤዛ እንዳይገባ።

ሬዚኑንና ማጠንከሪያውን ማሸጊያው ላይ ባለው ልክ ለኩ፣ በዓይን አትገምቱ። ማጠንከሪያ መጨመር አያፋጥነውም፣ ያበላሸዋል። በዝግታ ሦስት ደቂቃ አማስሉት፣ የባልዲውን ጎንና ሥር እየፋቃችሁ። ከዚያ ወዲያው ወለሉ ላይ አፍስሱት። ወንድሜ መሃል ላይ ስልክ ተደውሎለት አሥር ደቂቃ አወራ። ሲመለስ ባልዲው ይጨሳል፣ በጓንት እንኳ አይያዝም። ኤፖክሲ ሲጠነክር ሙቀት ያወጣል፤ ወለል ላይ ተዘርግቶ ሙቀቱ ይበተናል፣ ባልዲ ውስጥ ተከምሮ ግን ራሱን ያፈላል። ስልካችሁን አጥፉት፣ ትንሽ ትንሽ እየቀላቀላችሁ ሥሩ።

ጠርዙን በብሩሽ፣ መሃሉን በሮለር። ከጥግ ጀምራችሁ ወደ በሩ ውጡ። (አስቂኝ ይመስላል። ጥግ ላይ ታስሮ የቀረ ሰው አይቻለሁ።) የመጀመሪያው ዙር ገና እርጥብ እያለ ንጹህ አሸዋ ነስንሱበት፤ ቀይ ጭቃ የያዘ ቦት ጫማ እርጥብ ኤፖክሲ ላይ ሲረግጥ እንደ በረዶ ነው የሚያንሸራትተው። የወንዝ አሸዋ ከሆነ አፈሩ እስኪለቅ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተነፍቶ።

በማግስቱ ላዩ ላይ ቅባት የመሰለ ነገር ካያችሁ አትደንግጡ። እርጥብ አየርና ብርድ ሲገናኙ ማጠንከሪያው የሚያወጣው ነው። በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ አድርቁት፣ ከዚያ ሁለተኛው ዙር። ሳታጥቡ ከቀባችሁበት ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ላይ ይላጣል። እጃችሁን ከነካችሁ ደግሞ ቲነር አትጠቀሙ፣ ወደ ቆዳ ያስገባዋል፤ በሳሙናና በውሃ ነው።

ከአንድ ቀን በኋላ ይረገጣል። መኪና ግን ከሰባት ቀን በፊት አታስገቡ። እዚህ ላይ ነው ሰው ትዕግሥቱ የሚያልቀው፤ ሲነኩት ድንጋይ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ገና ነው። ሰባት ቀን መኪናው ደጅ ይደር።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥቂት ነው። የፍሬን ዘይት ከፈሰሰ ቶሎ ጥረጉት፣ ቀለም ይበላል። ክሪክ ስታቆሙ ከስሩ ጣውላ አድርጉ። ጎማ ላይ ያለውን ጭቃ ደጅ አራግፉት፣ አሸዋው ወለሉን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ከሬዚኑና ከማጠንከሪያው ትንሽ ትንሽ ሳትቀላቅሉ አስቀሩና ክዳናቸውን አጥብቃችሁ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ጽፋችሁበት አስቀምጡ። የወንድሜን የማንደጃ ጉድጓዶች የምንደፍነው በዚያ ነው፣ ባለቤቱ ረከቦቱን ካነሳችልን።